ስለ ማጭድና ስለ ቀጥቃጭ፤ ከመካና ከጅዳ ምድር የተወሰደ ምሳሌ

(በመቶኛው ዓመት መታሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



መቶ ዓመት የኖረ ማኅበር ታሪኩ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት የመሠረቱት አበው፣ ያስተማሩት መምህራንና የታነጹት ሕንፃዎች ናቸው። የማኅበሩ ከብት ምን በልቶ እንደ ኖረ፣ ሣሩን ማን እንዳጨደው፣ ማጭዱም በተሰበረ ጊዜ ማን እንደ ጠገነው ግን በመዝገብ አይገኝም። ይሁን እንጂ ማኅበር ሁሉ በዚህ በማይጻፍ ሥራ ላይ ይቆማል። የዚህ ንግግር ነገር የተሰበረውን የሣር ማጨጃ መሣሪያ ስለ መጠገን ነው። ምሳሌው የሚወሰደውም ሣር እጅግ ብርቅ ከሆነበት፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው ከመካና ከጅዳ ምድር ነው፤ የሣር ዋጋ የሚታወቀው ሣር በሌለበት ነውና። በውጭ አገር የተፈጸመው ነገር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ይነገራል።

መካ በተራሮች መካከል ባለ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ የተሠራች ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናም በአማካይ 110 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወደቧ ጅዳ ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ታገኛለች። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ ሲታሰብ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በእስልምና ሕግ መሠረት በመካ በተከለለው ስፍራ ሰው ሳይተክለው የበቀለውን ዛፍም ሆነ ሣር መቍረጥ ክልክል ነው። ይህም ሕግ ነቢዩ መሐመድ በ630 መካን በያዙ ጊዜ በተናገሩት ቃል ላይ የቆመ ነው። በሐዲስ መጻሕፍት እንደ ተጻፈው፣ ያን ጊዜ አጎታቸው አል-ዐባስ አንድ ሣር ብቻ እንዲፈቀድ ለመኑ። የሣሩ ስም ኢዝኺር ይባላል፤ የጠጅ ሣር ዘመድ ሆኖ መዓዛው ደስ የሚያሰኝ ነው። የለመኑበትም ምክንያት ሕዝቡ ቤቱን ስለሚከድንበትና ቀጥቃጮችም ለሥራቸው ስለሚፈልጉት ነበር። ልመናቸውም ወዲያው ተፈቀደ። እንግዲህ በዚያ ስፍራ እንዲታጨድ ከተፈቀደው ሣር አንዱ ድርሻ የቀጥቃጩ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ደስ የሚያሰኝ ነገር ያገኛሉ። በዚያ ቃል ቀጥቃጩ የተጠራበት የዐረብኛ ስም «ቀይን» ሲሆን፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ከናስና ከብረት ሥራ ጋር የተነሣውን የቱባልቃይንን ስም ያሳስባል። መቍረጥን ለመከልከል የተነገረው ግስም «ዐደደ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ይህም ግዕዝ «ዐፀደ» የሚለው ነው። ግዕዝ መሣሪያውን ማዕፀድ ይለዋል፤ ዐማርኛ ደግሞ ግሱን አጨደ፣ መሣሪያውን ማጭድ ብሎ ወርሶታል። ባሕሩ ሁለቱን አገሮች ቢለያቸውም የማጭዱ ስም ሥሩ አንድ ነው።

ከመካ እስከ ጅዳ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጅዳ በ647 በኸሊፋ ዑስማን ዘመን የመካ ወደብ ሆና ተመረጠች፤ ከዚያም ወዲህ የተሳላሚውም የእህሉም የከብቱም መግቢያ ሆና ኖረች። ውኃ ግን አልነበራትም። በ1947 ከዋዲ ፋጢማ ምንጮች ውኃ በቧንቧ ተስቦ እስኪገባላት ድረስ ሕዝቡ ከጕድጓድና ከዝናም ማጠራቀሚያ፣ በኋላም የባሕርን ውኃ አፍልቶ ጨውን ከሚለይ አነስተኛ መሣሪያ ይጠጣ ነበር። በ1970 ደግሞ የባሕርን ውኃ የሚያጣራ ታላቅ ፋብሪካ ተቋቋመላት። ለሰው የሚጠጣ ውኃ በዚህ ያህል ድካም በሚገኝበት አገር ለከብት መኖ ማብቀል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከብቱ ግን መብላት አለበት። ከበርበራና ከጅቡቲ የሚነሡት መርከቦች የአፍሪካ ቀንድን በግና ፍየል ወደ ጅዳ ሲያደርሱ እጅግ ረዥም ዘመን ሆኗል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ቆላ የተረቡ ናቸው። በ1998፣ ዳግመኛም በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት በተባለው በሽታ ምክንያት ሳዑዲ ዐረቢያ ይህን ንግድ ዘግታ ነበር፤ የሁለተኛው እገዳ የተነሣው በ2009 ነው። በመካ አጠገብ በሚፈጸመው የመሥዋዕት በዓል የሚታረደው በግ ሥጋው በከንቱ እንዳይቀርና ለድሆች እንዲደርስ ለማድረግ፣ መቀመጫው ጅዳ የሆነው የእስልምና ልማት ባንክ በ1983 አንድ ድርጅት አቋቁሟል። እንግዲህ በጉ በመርከብ ላይ ሳለ፣ በወደብም ሲያርፍ፣ በገበያም ሲቆም የሚበላው ድርቆሽ ከአንድ ሰው መስክ የታጨደ ነው። ያ መስክ በጊዜው ካልታጨደ ጕዳቱ እስከ በዓሉ ገበያ ይደርሳል።

በዐረቢያ የመኖው አለቃ አልፋልፋ ነው፤ የአገሩ ሰዎች በርሲም ይሉታል። ሒጃዚ የተባለው ዘሩ ስሙን ያገኘው መካና ጅዳ ካሉበት ከሒጃዝ ነው። በጥንት ጊዜ በምንጭ ዳር፣ በቴምር ዛፍ ጥላ ሥር በትንሽ በትንሹ መደብ ይበቅልና በማጭድ ይታጨድ ነበር። መኪና ወደ እርሻው የገባው በኋላ ነው። በ1942 በካርል ትዊቸል የሚመራ የአሜሪካ የእርሻ መልእክተኞች ቡድን አገሩን መረመረ። በዚያም ዘመን ከሪያድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው በአል-ኸርጅ የንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ እርሻ በውኃ መሳቢያ ሞተርና በእርሻ መኪና ይሠራ ጀመር። መኪናው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። ከጅዳ ወደብ እስከ ሪያድ ያለው መንገድ ደግሞ 950 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጠገን ጥበብ የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት ከዚህ ላይ ይታያል፤ የተሰበረው ብረት ተተኪውን የሚያገኘው ሩቅ ነው፣ ሣሩ ግን አይጠብቅም።

ሣሩ የማይጠብቅበትም ምክንያት እንዲህ ነው። አልፋልፋ መልካም መኖ የሚሆነው አበባው ገና ብቅ ብቅ ሲል ሲታጨድ ነው። ከዚያ ካለፈ ግንዱ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ለከብቱ ሥጋና ወተት የሚሆነው ኃይል ይቀንሳል። ይህም ኃይል አብዛኛው ያለው በቅጠሉ ላይ ስለ ሆነ፣ ታጭዶ ከመጠን በላይ የደረቀ እንደ ሆነ ቅጠሉ ይረግፍና ባዶ ግንድ ይቀራል፤ ርጥብ ሆኖ ቢታሠር ደግሞ ይሻግታል፣ አንዳንድ ጊዜም ከውስጡ ግሎ እሳት ያነሣል። ስለዚህ በበረሃ ያሉ አራሾች በቀን ያጭዱና ጤዛ ባለበት በሌሊት ወይም በማለዳ ይሰበስቡታል። በመስኖ የሚጠጣ አልፋልፋ በዚያ ሙቀት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይታጨዳል። የታጨደው ካልተነሣ ግን መስኩን እንደ ገና ውኃ ማጠጣት አይቻልም፤ ስለዚህ መኪናው በአንድ ማለዳ ቢሰበር የሚጠፋው የዚያ ቀን አጨዳ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውም ነው።

መኪናው ምን ዓይነት እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ይገባል። በአሜሪካ ኦቤድ ሐሲ በ1833፣ ሳይረስ ማኮርሚክ በ1834 የእህል ማጨጃ መኪናቸውን ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት አስመዘገቡ። ከዚያ ዘር የወጣው የሣር ማጨጃ ረዥም የብረት ዘንግ አለው፤ በዘንጉ ላይ ስፋታቸው 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ምላጮች በሪቤት ተቸንክረዋል። ዘንጉ ጣት በሚመስሉ ብረቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሣሩን እንደ መቀስ ይቈርጣል። ሁለተኛው ዓይነት በኋላ ዘመን የመጣው ነው፤ ትንንሽ ምላጮች የተንጠለጠሉባቸው ብዙ ክብ ሳሕኖች በደቂቃ 3,000 ጊዜ ያህል እየዞሩ ሣሩን ይመቱታል። የመጀመሪያው ዝግተኛና ለመጠገን የቀለለ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቸልተኝነትን አይታገሥም።

ብልህ ጠጋኝ መኪናውን ከመፍታቱ በፊት የታጨደውን መሬት ያያል። በታጨደው መካከል ያልተቈረጠ ሣር እንደ ቀጭን መሥመር ቆሞ ከቀረ፣ በዚያ መሥመር ትይዩ ያለው ምላጭ ተሰብሯል ወይም ጣቱ ተጣምሟል። ሣሩ ተቈርጦ ሳይሆን ተቦጭቆ ከተገኘ ስለቱ ደንዝዟል፤ ወይም ምላጩን ወደ ታች የሚጫነው ብረት ላልቷል። መኪናው እንደ መዶሻ ቢጮህ ዘንጉን የሚነዳው ክንድ በመጋጠሚያው ላይ ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጠጋኝ ሐኪም የሕመምተኛውን ፊት እንደሚመለከት መሬቱን አይቶ ደዌውን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ የሚጀምረው ሞተሩን በማጥፋትና ቍልፉን ነቅሎ በኪስ በመያዝ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት ሲታለፍ የብዙ ሠራተኞች ጣትና እጅ ተቈርጧል። የሚዞረውም ሳሕን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ገና ይዞራልና ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። በባዕድ አገር በእርሻና በከብት ጥበቃ ተቀጥረው ከሚሠሩት መካከል ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ስላሉ፣ ይህ ነገር ወሬ ብቻ አይደለም። የተቈረጠ እጅ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፤ መለዋወጫውም በየትኛውም ወደብ አይገኝለትም።

ዘንጉ ተስቦ ከወጣ በኋላ የተሰበረው ምላጭ በመስፍ ጠርዝ ላይ ይደረጋል። ጠጋኙ የምላጩን ጀርባ በመዶሻ አንድ ጊዜ በኃይል ሲመታው ሪቤቱ ይቈረጣል፤ የቀረውም ጉቶ በመብሻ ተመትቶ ይወጣል። አዲሱ ምላጭ በቦታው ይገባና በአዲስ ሪቤት ይቸነከራል፤ የሪቤቱም ራስ በትንሽ በትንሹ እየተመታ ክብ ይሆናል እንጂ በአንድ ምት አይደፈጠጥም። ከዚያም ጠጋኙ ተንበርክኮ በጣቶቹ መሥመር ላይ በአንድ ዓይኑ ይመለከታል፤ የወጣውን ያስገባል፣ የተጣመመውን ያቀናል። ምላጩ በእጅ ሲሳብ ሳይላላም ሳይጣበቅም መንሸራተት አለበት። በእያንዳንዱ ምልልስ መጨረሻም የምላጩ መካከል በጣቱ መካከል ላይ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ መኪናው ሣሩን በሙሉ ሳይቈርጥ ይጨነቃል። የዘንጉም ውጫዊ ጫፍ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሥራ ሲጀመር የሣሩ ክብደት ወደ ኋላ ይገፋውና ቀጥ ይላልና።

በሚዞረው ዓይነት ላይ ደግሞ ሕጉ ሚዛን ነው። አንዱ ምላጭ ከተሰበረ በዚያው ሳሕን ላይ ያለው ጓደኛውም አብሮ ይለወጣል። አዲሱና አሮጌው ክብደታቸው ስለማይተካከል፣ በዚያ ፍጥነት የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ በጥቂት ሰዓት ኩሽኔታውን ያበላሸዋል። የበረሃው ደቃቅ አሸዋና የባሕሩ ዳር ጨው ያለበት አየርም ለኩሽኔታ ጠላቶች ናቸው፤ ስለዚህ ግራሶ በየማለዳው ይሰጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስተምረው የአንዲት ብሎን ነገር ነው። ድርቆሽ በሚያሥረው መኪና ትልቁ መዘውር ላይ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ብሎን አለች። ድንጋይ ወይም እንጨት ወደ መኪናው ሲገባ እርሷ ተሰብራ መዘውሩን ትለቃለች፤ በዚህም ውስጥ ያለው ጥርስ ሁሉ ይድናል። የማያውቅ ሠራተኛ ብሎኗ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሰበርበት ይሰለቻል፤ ከዚያም የማይሰበር ጠንካራ ብሎን ያገባባታል። ያን ቀን ሥራው ይሠምርለታል። በማግስቱ ድንጋይ ሲገባ ግን የማትሰበረው ብሎን ትጸናለች፣ የሚሰበረው ካምቢዮው ይሆናል። ብሎኗ የምትገዛው በጥቂት ሳንቲም ነበር፤ ካምቢዮው ግን በጅዳ በኩል ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ስንት ሳምንት ይፈጃል፣ ሣሩም በመስክ ላይ ይነጣል። ብሎኗ ደጋግማ መሰበሯ ስንፍናዋ ሳይሆን ማስጠንቀቂያዋ ነበር፤ ጠጋኙ መለወጥ የነበረበት መንሥኤውን ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ብረት ብቻ እንዳልሆነ የኋለኛው ታሪክ ያስረዳል። በ1980ዎቹ ዓመታት ሳዑዲ ዐረቢያ ከምድር ጥልቅ ውስጥ ውኃ እያወጣች ስንዴዋንም መኖዋንም በብዛት አመረተች። ያ ውኃ ግን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በነበረ የዝናም ዘመን የተጠራቀመ ሆኖ ተተኪ የሌለው ነው። በ2008 መንግሥቱ የአገር ውስጥ ስንዴ መግዛትን በየዓመቱ እየቀነሰ እስከ 2016 እንዲያቆም ወሰነ። በ2015 መጨረሻም አረንጓዴ መኖ ማልማት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቆም ውሳኔ ወጣ። ታላላቆቹ ድርጅቶች ወደ ባሕር ማዶ ዞሩ፤ አልመራዒ የተባለው የወተት ድርጅት በ2014 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት 4,000 ሄክታር ያህል መሬት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያም የውኃ ክርክር ተነሣና በ2023 ግዛቱ ለዚሁ ድርጅት ቅርንጫፍ ካከራየው መሬት ከፊሉን ውል ሰረዘ። እንግዲህ በዐረቢያ በተሰበረ መኪና ምክንያት የጠፋ አንድ አጨዳ ዳግመኛ የማይመለስ ውኃ ነበር ማለት ነው። መሣሪያን መጠገን ውኃን መጠበቅ ነበር።

አሁን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል። በሱሉልታና በሰንዳፋ መስክ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ይታጨዳል፤ ድርቆሽም ሆኖ ለአዲስ አበባ ከብቶች ይሸጣል። አብዛኛው የሚታጨደው በእጅ ማጭድ ነው። ማጭዱን የሠራው፣ ማረሻውንም የቀጠቀጠው ሰው ግን በብዙ ቦታ ለረዥም ዘመን በክፉ ስም ሲጠራ ኖሯል። ገበሬው በወናፉ አጠገብ ቆሞ ማረሻውን አሠርቶ ሲመለስ ሠሪውን ጠይብ፣ ቡዳ ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ከእርሱ ጋር መብላትና መጋባት ነውር ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ ማወጃቸው ደዌው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ይህ ስድብ የተሰደበውን ብቻ አልጐዳም። ሽማግሌው ቀጥቃጭ ሲሞት ጥበቡን የሚወርስ ደቀ መዝሙር የታጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልጁ የአባቱን መዶሻ ትቶ ስሙን ለመለወጥ ወደ ከተማ ይሰደዳልና።

መጽሐፍ ግን ስለ ብረት ሠሪ የሚያስተምረው ሌላ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 እንደ ተተረከው፣ በእስራኤል ምድር ሁሉ ቀጥቃጭ ታጥቶ ነበርና ሕዝቡ የእርሻና የአጨዳ ብረቱን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ፣ ዋጋም ይከፍል ነበር። በጦርነትም ቀን ሰይፍ አልተገኘም። ቀጥቃጭ የሌለው ሕዝብ ማጭዱ በሌላ ሰው እጅ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የገዳማት ሥርዓት መሥራች የአባ ጳኵሚስ ልጆች ይህን ያውቁ ነበር። ጳላድዮስ በግብፅ በአክሚም ከተማ የነበረውን ገዳማቸውን ሲገልጽ 15 ልብስ ሰፊዎች፣ 7 ቀጥቃጮች፣ 4 አናጢዎች፣ 12 ግመል ነጂዎችና 15 ልብስ አጣቢዎች እንዳየ ጽፏል። በዚያ ማኅበር ቀጥቃጩ መነኵሴ ከጸሐፊው መነኵሴ አልተለየም ነበር።

በአንዳንድ የገዳም እርሻ በስጦታ የመጣ መኪና በዛፍ ሥር ዝጎ ሲታይ፣ ጥፋቱ የሰጪው ወይም የብረቱ ነው ማለት አይገባም። መኪናው መጣ፣ የሚጠግነው ሰው ግን አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ ማጨጃ መኪና የሚቀበል ማኅበር አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢያዘጋጅ ይበጀዋል። መጀመሪያ፣ በእጅ ሥራ ደስ የሚለውን አንድ ወጣት ወንድም መርጦ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት መላክ፤ ሲመለስም ሥራውን እንደ ቅኔና እንደ ድጓ ትምህርት ለሌሎች እንዲያስተምር ማዘዝ ነው። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ጋር ምላጭ፣ ሪቤት፣ ኩሽኔታና ያችን ለስላሳ ብሎን በሣጥን አኑሮ ቍልፉን ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ መስጠት ነው። ሦስተኛ፣ ምን ቀን ምን እንደ ተሰበረ፣ በምንም እንደ ተጠገነ በመዝገብ መጻፍ ነው፤ ዘወትር በአንድ ቦታ የሚሰበር ብረት ስለ መስኩ ድንጋይ ወይም ስለ ነጂው ጠባይ ይናገራልና።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 የነቢያት ልጆች ማኅበር ቤቱን ለመሥራት እንጨት ሲቈርጥ የአንዱ የመጥረቢያ ብረት ወደ ወንዝ ወደቀ። ሰውየው የጮኸው ብረቱ በውሰት የመጣ ስለ ነበረ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕም ነገሩን ትንሽ ነው ብሎ አልናቀውም፤ የወደቀበትን ስፍራ ጠየቀ፣ ብረቱንም ለባለ ሥራው መለሰለት። የገዳም ማጭድና የገዳም መኪናም ከቀደሙት አባቶችና ከምእመናን እጅ በውሰት የተገኘ ነው። የሚቀጥለው መቶ ዓመት መዝገብ ሲጻፍ የመሥራቾቹና የመምህራኑ ስም በሚሰፍርበት ገጽ ላይ ብረቱን የጠገነው ወንድም ስምም ቢጻፍ ለማኅበሩ ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።